ዋስ የሌለው መኪና

በአገራችን ዋስ የማይጠየቅበት ነገር ጥቂት ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አያነሳም። በዘበኝነት ሊቀጠር የመጣ ሰው፣ ገንዘብ ያዥ ለመሆን የተወዳደረ ወጣት፣ ከባልንጀራው ገንዘብ የሚበደር ነጋዴ፣ ሁሉም በቅድሚያ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዋስህ ማነው?» ይህ ጥያቄ ሰውን ከመጠራጠር ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህም ነገ ችግር ቢፈጠር «እኔ አለሁ» የሚል፣ ስምና አድራሻ ያለው ሰው ከዛሬው ይፈለጋል።

ለመሆኑ ለመኪናስ ዋሱ ማነው? ከቤት ቀጥሎ አብዛኞቻችን በዕድሜያችን የምንገዛው ትልቁ ዕቃ መኪና ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ መኪና ተነድቶ፣ አርጅቶ የሚጣል ነገር አይደለም። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል፣ በችግር ቀን ወደ ገንዘብ ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት አንዲት ቪትዝ ገዝቶ፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ ነበረ። ባንክ ያስቀመጠው ጓደኛው ግን የብሩ አቅም ሲሟሽሽ ቆሞ አይቷል።

ይህን ጥያቄ ያለምክንያት አላነሳሁትም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። የመንግሥት ባለሥልጣናት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100,000 በላይ መድረሱን ተናግረዋል። ስለ ነዳጅ ወጪ መቀነስ፣ ስለ አየር መጥራት፣ ስለ ዓባይ ግድብ ኃይል ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። መኪና ሻጩ ቤት ምን እንደ ደረሰበት ግን ሲወራ እምብዛም አልሰማሁም። እኔ ደግሞ ያደግሁት ከዚያ ቤት በሚወጣ ደመወዝ ነው።

አባቴ ከ1978 እስከ 2011 ዓ.ም.፣ 33 ዓመት ሙሉ፣ በአንድ መኪና አስመጪ ድርጅት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ድርጅቱ የአንድ የውጭ ፋብሪካ ወኪል ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንድ ቀን ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከፊት ለፊት በመስተዋት የታጠረው፣ አዳዲሶቹ መኪኖች የሚያብረቀርቁበት ትልቅ አዳራሽ አለ። እሱን አልፈን ከኋላ እንገባለን። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች፣ የጎማና የግራሶ ሽታ፣ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቢን ካርድ። ዕቃ ሲገባ በአንድ ዓምድ፣ ሲወጣ በሌላ ዓምድ ይጻፋል። አባቴ ሂሳቡን ከካርዱ ይልቅ በቃሉ ያውቀው ነበር።

ከባንኮኒው ማዶ የሚቆሙት ሰዎች ነበሩ እኔን የሚገርሙኝ። ከጅማ፣ ከደሴ፣ ከነገሌ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ የተሰበረ ብረት በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጣሉ። አባቴ ጥቅሉን ይፈታል፤ ብረቱን አገላብጦ ያያል፤ ካታሎግ ሳይገልጥ የዕቃውን ቁጥር ይጠራል። አንዳንዴ ደግሞ ራሱን ይነቀንቅና «ይሄ የኛ አይደለም፤ ታይዋን ሸጠውልሃል» ይላል። ሰውየውም ያዘነ ፊቱን ይዞ ኦርጅናሉ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።

«መኪናውን የምንሸጠው አንድ ቀን ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። «ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኛ የሚገዛው መኪናው ራሱ ነው።»

ልጅ ሆኜ ይህ አነጋገር ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳስተውለው የመኪና ሻጭ ቤት አጠቃላይ ሥርዓት በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ከአዲስ መኪና ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ሲታይ ትልቅ ይመስላል እንጂ፣ ለባንክ ወለድ፣ ለቀረጥ፣ ለወደብ፣ ለአዳራሹ ወጪ ሲከፋፈል ይሳሳል። ቤቱን ዓመት ዓመት የሚያቆመው ዎርክሾፑና ግምጃ ቤቱ ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ከዘይቱ ጋር ፊልትሮው፣ ቆየት ሲል ካንዴላው፣ ቺንጊያው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ከዚያም ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ማርሚታው ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ይህ የእኛ አገር ባሕርይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን የመኪና ሻጮች ማኅበር ለዓመታት ያወጣቸው አኃዞች እንደሚያሳዩት፣ ከሻጮቹ ጥቅል ትርፍ ግማሽ የሚጠጋው የሚገኘው ከጥገናና ከመለዋወጫ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። የወኪሉ ቤት ለድሃ የተከፈተ በር አልነበረም። ደንበኞቹ በጨረታ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ አቅም ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ከከተማው ነዋሪ የሚበዛው በዚያ በር አልፎ አያውቅም፤ ያገለገለ መኪና ከዱባይ አስመጥቶ ወይም በደላላ አፈላልጎ ነው የሚገዛው። ዋጋቸው ውድ ነው፣ ወረፋቸው ረጅም ነው ተብለው ሲታሙ ሰምቻለሁ፤ ሐሜቱም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም።

ይሁንና በዚያ በር ያላለፈውም ሰው ከቤቱ ተጠቅሟል። ወኪል የሆነ ድርጅት ሜካኒኮቹን በፋብሪካው ዘዴ ማሠልጠን አለበት። የሠለጠነው ሜካኒክ አሥር ዓመት ሠርቶ ይወጣና በሰፈሩ ጋራዥ ይከፍታል፤ እሱ ጋ ብረት ሲያቀብል ያደገው ልጅ ደግሞ ሌላ ሰፈር ሌላ ጋራዥ ይከፍታል። ሶማሌ ተራ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ኦርጅናል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመከራከር እንኳ፣ አንድ ቦታ ላይ ኦርጅናሉ መኖር ነበረበት። በዱባይ በኩል የመጣችው ቪትዝ ሳትቀር ዕውቀቷን ያገኘችው ከዚያ ቤት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወኪሉ ላልሸጠው መኪናም በተዘዋዋሪ ዋስ ነበር።

ለውጡ እንዴት መጣ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በቅደም ተከተል እንየው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መጀመሪያ የመታው ያገለገሉ መኪኖችን ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋና ሞተራቸው ትልቅ በሆኑት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥመው ያለቁት 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚመጡት ደግሞ ምንም እንዳይከፍሉ ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላርም ወዲያው ተወደደ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ።

የውሳኔው ምክንያት ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ቤንዚንና ናፍጣ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የምንዛሪ እጥረት ደግሞ የቆየ ሕመማችን ነው። በሌላ በኩል የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከራስ ወንዝ በሚወጣ ኃይል መንዳት እየተቻለ በዶላር የተገዛ ፈሳሽ ማቃጠል ለምን ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። እኔም የምቃወመው አይደለሁም።

ፍጥነቱ ግን ይታይ። ኖርዌይ ለኤሌክትሪክ መኪና የግብር እፎይታ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪኖች 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። በመካከሉ ከ30 ዓመት በላይ አለ። ሻጩ ቤት፣ ጋራዡ፣ የሙያ ትምህርት ቤቱ ቀስ በቀስ ራሱን ለማደስ ጊዜ አግኝቷል። በእኛ አገር ከኤክሳይዝ አዋጁ እስከ እገዳው ድረስ ያለው ጊዜ 4 ዓመት ነው።

ወኪሎቹን ያጠበባቸው ይህ ነው። ወኪል የሚሸጠው የፈለገውን ሳይሆን የወከለው ፋብሪካ የሚሰጠውን ነው። የከተማችን ተወዳጅ የሆነው ቶዮታ ለዓመታት ያተኮረው ቤንዚንና ባትሪ ባጣመሩት ሀይብሪድ መኪኖች ላይ ነበር። እገዳው ሲመጣ ወኪሉ ወደ ሌላ ፋብሪካ ዞር ማለት አይችልም፤ ውል አለበት፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለበት፣ ለአሮጌዎቹ መኪኖች የሚይዘው ዕቃ አለበት። ቀድሞ የነቃ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተር የሁንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና እዚሁ ገጣጥሞ ያሳየው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን ገበያውን ያጥለቀለቀው በዚህ በር የገባው መኪና አልሆነም።

ወኪል ያልሆነው ነጋዴ ግን ውል የለበትም። ቻይና ይደውላል፣ ጓንዡ ያለ ወዳጁ ፎቶ ይልክለታል፣ የተስማማውን ያስመጣል። የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀድሞ ያገለገሉ መኪኖችን ያሻሽጥ ነበር፤ አሁን ሃያ ሁለት አካባቢ አጥር ያለው ግቢ ተከራይቶ፣ ጠጠር አፍስሶ፣ 9 የኤሌክትሪክ መኪኖች አሰልፏል። አዳራሽ የለውም፣ ዎርክሾፕ የለውም፣ ግምጃ ቤት የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ቻርጀር አለው። በወጪ ረገድ ነባሩ ቤት ከእሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ዋጋውም ለዚህ ነው የሚቀንሰው፤ ገዢውም ወደ እሱ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ግቢው ውስጥ ከቆሙት መካከል በከተማው እጅግ የተለመደው ቮልስዋገን አይዲ 6 ይገኛል። ስለዚህ መኪና አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፋብሪካው ይህን ሞዴል የሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው፤ በገዛ አገሩ በጀርመን እንኳ አይሸጠውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሽር የሚለው አይዲ 6 ሁሉ ሠሪው ወደዚህ ሳይልከው የመጣ ነው። ሲገዛ የመስኮቱ ጽሑፍ ቻይንኛ፣ ካርታው የቻይና፣ ሲናገር ድምፁ የቻይና ሴት ነው። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ላፕቶፕ ያነገቱ ወጣቶች ተፈጥረዋል። የፋብሪካውን ዋስትና ግን በላፕቶፕ መቀየር አይቻልም፤ እሱ እዚያው ቻይና ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካዎች ባብዛኛው ለባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ባትሪው ደግሞ የመኪናው እጅግ ውዱ አካል ነው። ይህ ወረቀት ወደ እኛ አገር በመርከብ አልተሳፈረም።

ይህ ነገር በኑሮ ላይ ምን እንደሚመስል ከጎረቤቴ አየሁት። ሰውየው በራሱ መኪና ሜትር ታክሲ ይሠራል። አሮጌ ኮሮላውን ሸጦ፣ ከዕቁብና ከዘመድ ጨምሮ፣ ከአንድ ግቢ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማታ ሰክቶ ያድራል፣ ጠዋት ይወጣል። ለቤንዚን ያወጣ የነበረው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሆነ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለማደያ ስሠራ ኖሬያለሁ» ሲለኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። በስምንተኛው ወር አንድ ሚኒባስ ከፊት ገጨውና የቀኝ መብራቱ ረገፈ። ጉዳቱ ከዚያ አያልፍም፤ ሞተሩ ደህና፣ ባትሪው ደህና። መኪናውን ወደ ሸጠለት ሰው ሄደ። «ቻይና እናዛለን፣ ታገሥ» ተባለ። ታገሠ። በሁለተኛው ወር ሲመለስ ግቢው ውስጥ የግንባታ ብሎኬት ይሸጣል። የሻጩ ስልክ አይነሳም። መብራት በሌለው መኪና ማታ መሥራት አይቻልም፤ ገቢው በግማሽ ወረደ፤ የዕቁቡ ክፍያ ግን አልወረደም። በአራተኛው ወር ከሌላ የተጋጨ መኪና ላይ የተፈታ መብራት በእጥፍ ዋጋ አገኘ።

ታሪኩን ለአባቴ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የፊት መብራት? ይኼማ በመጀመሪያው ትዕዛዝ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ ነው!»

እንግዲህ እዚህ ላይ የነባሩን ቤት ችግር ከሌላው ጎንም ማየት አለብን። ነገ ሁሉም ወኪሎች የኤሌክትሪክ መኪና እናቅርብ ቢሉ እንኳ፣ አባቴ «ሃያ ዓመት የሚገዛው መኪናው ራሱ ነው» ያለው ነገር እንደ ድሮው አይሠራም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ ስለዚህ የዘይት ፊልትሮ የለውም። ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ የማርሽ ካምቢዮ የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራው እንኳ ቶሎ አያልቅም። የግምጃ ቤቱ መደርደሪያ በአብዛኛው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። የሚቀረው ጎማ፣ ከእግር በታች ያለው ዕቃና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ነው። አይዲ 6ን የመሰለ መኪና ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በእኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ሲሄድ ጎማውና ኩሽኔታው የሚሸከሙትን መገመት ይቻላል።

እነዚህን ቃላት ስጽፍ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ከጣሊያን የተወረሰ ነው። ጣሊያን ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉን ግን ሜካኒክ ለሜካኒክ እያወረሰ እዚህ አድርሶታል። ሙያ ቃል አለው፤ ቃሉ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ለአዲሱ መኪና ገና ቃል የለንም። ጎረቤቴ መኪናው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ቢጫ ነገር ያበራል» ነው የሚለው። ሜካኒኩም ከዚያ የተሻለ አይናገርም።

የቃሉ አለመኖር ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ሜካኒክ የቤንዚን መኪናን ሕመም በጆሮው ያውቃል። ሞተሩን አስነስቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ሦስተኛዋ ካንዴላ ናት» ይላል። የኤሌክትሪክ መኪና ለጆሮ የሚሰጠው ነገር የለም። ለእጅ ደግሞ አደገኛ ነው፤ የባትሪው ኃይል ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ፣ ሳያውቅ የነካውን ሰው ይገድላል። ለዚህ ሥራ የተለየ ጓንት፣ የተለየ መፍቻ፣ ከሁሉም በላይ ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናውን ለሰፈር ጋራዥ ያደርስ የነበረው ያ በወኪሉ ቤት የሚጀምረው ሰንሰለት ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ግን መኪናውን አስቀድመን ሜካኒኩን አስከትለናል።

በሌላው ዓለም ሻጭና ፋብሪካ በዚሁ ጉዳይ እየተሟገቱ ነው። ቴስላ ከመጀመሪያው ወኪል አልፈልግም ብሎ በቀጥታ ለደንበኛ መሸጥ መረጠ። የአሜሪካ ሻጮች ደግሞ በየግዛቱ ያለውን ሕግ ጋሻ አድርገው ተከላከሉ። ቴስላ ዋና መሥሪያ ቤቱና ግዙፍ ፋብሪካው በቴክሳስ ሆኖ ሳለ፣ የዚያው ግዛት ሕግ በራሱ ሱቅ በቀጥታ እንዳይሸጥ ይከለክለዋል። የክርክሩ ዳር ዳር የሻጩን ትርፍ ይመለከት እንጂ፣ ዋናው ጥያቄ የሚነሳው ገዢው ሲቸገር የሚያንኳኳው የማንን በር ነው በሚለው ላይ ነው። ቴስላ ወኪሉን ሲያስቀር የራሱን የጥገና ማዕከል ከፍቷል። በሩ ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። በእኛ ዘንድ ግን ወኪሉም ከዳር ቆሟል፣ ፋብሪካውም አልመጣም። በመካከሉ የቀረው ገዢው ብቻ ነው።

እዚህም ሥራው ባልተጠበቀ እጅ እየገባ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፈተ። የስልክ ድርጅት ማደያ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳይ ነባሮቹ መኪና ሻጮችም የሚያልቅላቸው አይመስለኝም፤ ሥራቸው ምን እንደነበረ ካስታወሱ። ግምጃ ቤት መያዝ ያውቃሉ። ሰው ማሠልጠን ያውቃሉ። ከፋብሪካ ጋር ተዋውሎ ዋስትና ማምጣት ያውቃሉ። ባትሪ መርምሮ «ይህ ባትሪ ይህን ያህል አቅም ቀርቶታል» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚሰጥ ቤት ቢኖር፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ይሰለፍበት ነበር። ያለዚያ ወረቀት መኪና እንደ ድሮው ለችግር ቀን የሚሸጥ ሀብት ሊሆን አይችልም፤ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ አያውቅማ።

እስከዚያው ድረስ ለመግዛት የተሰናዳችሁ አንባቢያን ሦስት ጥያቄ ብትጠይቁ መልካም ነው። የፊት መብራቱ፣ የጎን መስተዋቱና መከላከያው አሁን ግምጃ ቤት ውስጥ አለ ወይ? ባትሪውን ማን ይመረምራል፣ ለስንት ዓመትስ በጽሑፍ ይጠየቅበታል? ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ሻጭ የት ይገኛል? ሻጩ ለሦስተኛው ጥያቄ ከሳቀ፣ የሳቀበትን ምክንያት ማሰብ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ማግስት የአክስቴ ልጅ ቤት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይግቡና ዞር ዞር እናድርግዎ» ብሎ አዲሷን መኪና አስነዳው። አባቴ ደስ እያለው ነዳ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ራሷን ስትይዝ «ብልህ ናት» አለ። ከወረደ በኋላ ግን እጁን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳርፎ ጠየቀው።

«ይቺን የሸጥክለት ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ቢፈልግህ የት ያገኝሃል?»

«ስልኬ አለው፣ ጋሼ።»

«ስልክህን አልጠየቅሁህም። እስካሁን የሸጥካቸውን መኪኖች የሻሲ ቁጥር ይዘሃል?»

«ከሸጥኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?»

አባቴ አልተቆጣም። «እኔ ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ ነው?» አለው። «ዛሬም ዕቃ ፍለጋ የሚደውልልኝ ሰው አለ። መኪናውን የሸጥኩለት እኔ አይደለሁም፤ ግን ቁጥሩን የማውቀው እኔ ነኝ።»

የአክስቴ ልጅ የዚያን ዕለት ዝም ብሎ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ እኔና አባቴ በግቢው በኩል ስናልፍ ጎራ አልን። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ተቀምጧል። የሻሲ ቁጥር፣ የገዢው ስም፣ የተሸጠበት ቀን፣ በዚያ ቀን ባትሪው ያሳየው ንባብ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሸጣቸውን ሳይቀር በስልክ እየፈለገ መዝግቧቸዋል። ከአራት ሻጮች ጋር ገንዘብ አዋጥተው መብራት፣ መስተዋትና መከላከያ አዝዘው ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ደርድረዋል። «ትርፏ ትንሽ ናት» አለኝ፤ «ግን መብራት ሊገዛ የመጣ ሰው መኪና ሳያይ አይሄድም።»

አባቴ መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገጽ በገጽ ገለበጠው። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ሲያይ ቆየና ወደ እኛ ዞሮ፣ «ቢን ካርዱስ?» አለ።